ብርዱ የሳለው

ፀሐይ ከተመለሰች ሁለት ሳምንቷ ነው፤
ከተራራው ትከሻ ለአፍታ ብቅ ትላለች፣
እንደ ባለዕዳ ሰው ፊቷን አሳይታ
ሳታሞቀን፣ ሳትከፍለን፣ ተመልሳ ትጠልቃለች።

በዚያች ቁንጽል ብርሃን ልስል ብዬ ወጣሁ።
አጎቴ ኡያራቅ አሥራ አንድ ውሻ ጠምዶ፣
እኔ ቀለሜን ደረቴ ሥር ሸጉጬ፣ ወረቀቴን በሸራ ጠቅልዬ፣
ከኡማናቅ ወደብ ወደ ሰሜን ሄድን፣
ባሕሩን እንደ ሜዳ ረግጠን።

ኡያራቅ ማለት በአገራችን አፍ ድንጋይ ነው፤
ስሙ ልኩ ነው፣ ዝምታ ነው ያሳደገው።
ቃል ከወጣው ግን ወርውሮ ነው፤ አይስትም።
«ተራራው» አለኝ፣ «አንቺ ባትይዢው የትም አይሄድም።»

አምስት ዓመት ሙሉ ኮፐንሃገን ሳለሁ
ማሞቂያ ታቅፌ፣ ከፎቶ ላይ፣ በረዶ ሳልሁ።
ሸጥሁም። ገዢዎቼ ሳሎናቸው ሰቅለው
«ኧረ ይበርዳል!» ይሉኝ ነበር፣ ብርጭቆ ጨብጠው።
ይዋሻሉ።
ከዚያ ሥዕል ፊት ቆሞ
ኮቱን የደረበ አንድም ሰው አላየሁም።

በሦስተኛው ማታ፣ በድንኳኑ ውስጥ፣
አጎቴ ቢላውን ይስላል፣
ደጅ አሮጌው ውሻ ይስላል፣
እኔም በእርሳስ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣ እስላለሁ፤
ሦስታችንም ስንስል አመሸን።
ስለቱ የሰመረለት ግን ቢላው ብቻ ነበር።

ሲነጋ (ነጋ ከተባለ)
በባሕሩ መሐል ተይዞ ከከረመ የበረዶ ጋራ ሥር ተቀመጥሁ።
ከራሱ ከጋራው ቆርሼ በጣሳ አቀለጥሁ፣
ብሩሼን ነከርሁ፣ አንድ ሰማያዊ መስመር ሳብሁ፤
ሁለተኛውን ሳልደግም
ቀለሙ ከዳኝ።
ከጠርዙ አንድ ነገር ተነሣ፣
እንደ ላባ ነው ስል እንደ ዓሣ አጥንት፣
እሾህ እሾህ እያለ፣ ከአንዱ ሌላው እየተሰነጠረ፣
ሰማያዊውን ፊት ፊቱ እየነዳ፣ እየወረረ፣
ዛፍ በማይበቅልበት አገር
ጫካ አበቀለ።

ተናደድሁ። በትንፋሼ ላቀልጠው አጎነበስሁ።
«ተይው» አለ ድንጋዩ ከኋላዬ፤
«ተራው የሱ ነው።»
ብሩሹን አስቀመጥሁ። እጄን ብብቴ ከትቼ
ሥዕሌ ሲሳል አየሁ፣
እንደ እንግዳ፣ በገዛ ወረቀቴ ደጃፍ ቆሜ።

አሥራ ሰባት ወረቀት ሞላሁ። ሞላሁ ማለት፣
ውኃውን እኔ አፈሰስሁ፣ ቀለሙን እኔ በጠበጥሁ፤
ሌላውን አልነካሁም።

ስንመለስ በረዶው ተናገረ።
መጀመሪያ ከሩቅ፣ እንደ ባዶ ሆድ፤ ከዚያ ከእግራችን ሥር፤
ጥቁር ውኃ አፉን ከፈተ፣ መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ ስንዝር፣
ኋላ የሰው ቁመት።
የዳሩ ውሻ ገባ፤ ሸራዬም ተከተለው።
ያለኝ ሁለት እጅ ነው፣ ሁለቱም ጠፍሩን ያዙ።
ወረቀቱ ሲሄድ አየሁት፣ ተንሳፎ፣ ተዘርግቶ፣
ባሕሩ የራሱን ኤግዚቢሽን ከፍቶ።
እኔ ውሻውን ጎተትሁ፣ አጎቴ እኔን ጎተተ፤
ውሻው ወጥቶ ተራገፈ፣ ሁለታችንንም አራሰን፣
ከዚያ እየሳለ ሄደ።

ስድስት ወረቀት ተረፈኝ።
ቤት ገብቼ አምስቱን ምድጃ ዳር ደረደርሁ፤ ጅል ነኝ።
ሙቀቱ ጫካዬን በሩብ ሰዓት መነጠረው፤
አምስት ሰማያዊ ኩሬ ብቻ ቀረ።
ስድስተኛውን አጎቴ ሰርቆኝ ኖሮ
ከዓሣው ጋር፣ ማድረቂያው ርብራብ ላይ፣ በሁለት ቆንጣጭ ሰቅሎታል።
ነፋሱ ቀን ከሌት ውኃውን ጠጥቶ ቅርጹን ትቶለታል፤
እሾሁ አለ፣ ላባው አለ፣ የዓሣ ሽታም አለ።
«ያንቺ እንዳይመስልሽ» አለኝ፣ ዓሣውን እያገላበጠ።

የማን ነው ታዲያ?
ስሜን ልጽፍበት፣ እዚያው እንደ ቆምሁ፣ እስክሪብቶ መዘዝሁ፤
ቀለሙ በርዶ አልወጣ አለኝ።